ኅዳግ

ሃያ ሁለት ዓመት ነዳሁት ይህን አውቶቡስ፣
ወንበሩ ተነቅሎ መደርደሪያ የተተከለበትን፣
በካይኑ ጫካ ውስጥ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ሲመላለስ።
ሥራዬ መጽሐፍ ማድረስ ነው፤
"ምን ይመስልሻል?" ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም።
ዛሬ ሳልጠየቅ ልናገር፣ ግድ የለም።

ለወጣት የሚጻፍ ምክር አልወድም።
ሽፋኑ ላይ ጥርስ፣ ጥርሱ ላይ ብርሃን፣
"ራስህን ለውጥ፣ በአርባ አንድ ቀን!"
አርባ አንድ ቀን ምን አላት? እዚህ በረዶው እንኳ
ሰባት ወር ይተኛል ሳይለውጥ መልኩን።
"ምከረው፣ ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው" ይባላል፤
እዚህ ግን መከራው ቀድሞ ይደርሳል፣
ምክሩ ከኋላ፣ በፖስታ፣ በቅናሽ ዋጋ ይከተላል።

ልቦለዱንም ዝም ብዬ አላልፈውም፦
አንዲት ልጅ አለች፣ የተመረጠች፣
ሳታውቀው ዓለምን ልታድን የተፈጠረች፤
ሁለት ወንዶች ይወዷታል፣ አንዱ ዝምተኛ፣ አንዱ ነገረኛ፤
እናቷን ደራሲው ምዕራፍ ሁለት ሳይደርስ ገድሏታል
(እናት ቤት ካለች በሌሊት ማን በመስኮት ይወጣል?)

እንዲህ እላለሁ እንጂ
ባለፈው ዓርብ፣ ነዳጅ ማደያው ጥግ አቁሜ
የሦስተኛውን ቅጽ ማብቂያ ሳነብ፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዕድሜ
መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።
የጭነት መኪና ሾፌር መስኮቴን ሲያንኳኳ
"ጉንፋን ነው" አልኩ።

ኅዳር ነው። ፀሐይዋ መጣች ሲሏት ትሄዳለች።
የተመለሱትን ሳጣራ፣ በአንድ እጄ ላጲስ፣ በአንዱ ባትሪ፣
ያ ባለ ጥርሱ መጽሐፍ
ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ተወርሮ አገኘሁት።
ደንቡን አውቃለሁ፤ መጽሐፍ ያበላሸ ይቀጣል።
በኅዳር ጨለማ ኅዳጉን አነበብኩት።

"ስኬታማ ሰው ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል።"
ከጎኑ፦ እኔ በዘጠኝ እነሳለሁ። አርባ ሁለት ላም እናልባለን።
ስኬቱ በስንት ሰዓት ይመጣል?

"መስታወት ፊት ቆመህ፣ እችላለሁ በል።"
ከጎኑ፦ አልኩ። አባቴ ሰማኝ። ሳቀ።
እናቴ ከሄደች ወዲህ ሲስቅ ይህ መጀመሪያው ነው።

"ጓደኞችህን በጥንቃቄ ምረጥ።"
ከጎኑ፦ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። ከማን መሃል?

ከዚያ በታች ሌላ እጅ፣ ክብ ክብ ፊደል፣ ሐምራዊ ቀለም፦
እኔም እዚያ ነበርኩ፣ ከማሞቂያው አጠገብ።
ላሞቹ ስም አላቸው?

ከሥሩ እርሳሱ፦ አላቸው። ገጽ ሰማንያ ስምንት ተመልከች።

ገለጥኩ። "ግቦችህን ዘርዝር" ከሚለው አጠገብ
ሙስቲኪ፣ ሄሉና፣ ኦሜና፣ ሌሎቹም፣
አርባ ሁለቱም ተሰልፈው ቆመዋል እስከ ገጹ ግርጌ፤
ሄሉና ላይ በሐምራዊ ትንሽ ኮከብ፣
"ይቺን ወደድኳት።"

ኮምፒውተሩን ጠየቅኩ። ኡርሆ አራት ጊዜ፣ ሳይማ አራት ጊዜ፣
እየተፈራረቁ፣ መሃላቸው ሐይቅ፣ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር፤
በዚህ በር ወጥተው በዚህ በር ሲገቡ
አንድ ቀን እንኳ አልተገናኙም ነበር።

መጽሐፉ አሁንም መጥፎ ነው። ይህን አስምሩበት።
ይወገዱ ብዬ ለማዘጋጃ ቤቱ ከላክሁት ዝርዝር ላይ
ሦስተኛው እርሱ ነበር፤ ደውዬ አሰረዝኩት፣
"ለምን?" ሲሉኝ "ተፈላጊ ነው" አልኩ፤ አልዋሸሁም።

ሐሙስ ሳይማ መጣች፣ ኮፍያዋ ላይ በረዶ፣
"ያ መጽሐፍ ተመልሷል?" አለች፣
ዓይኗን ከመደርደሪያው ሳትነቅል።
"ተመልሷል።" ማኅተሜን መታሁበት።
በሩ ላይ ስትደርስ ጠራኋት፦
"በእርሳስ ጻፊ" አልኳት፣
"ቀለሙ ወደ ጀርባው ያልፋል።"